ንግሥቲቱ ጢሟን ተላጭታ እስክትጨርስ

በ1577 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ቶማስ ኋይት የሚባሉ ሰባኪ፣ ለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ግቢ ካለው የአደባባይ መስበኪያ ላይ ቆመው አንድ ሒሳብ ሠሩ። ከተማዋን ወረርሽኝ ያምሳታል። ወረርሽኝ የሚመጣው በኃጢአት ነው፤ ኃጢአት የሚመጣው ደግሞ በቴአትር ነው፤ እንግዲህ ወረርሽኙን ያመጣው ማን ሆነ? አይጥና ቁንጫ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነፃ ወጡ።

ሰባኪው ጣታቸውን ከቀሰሩባቸው ቤቶች ዋነኛው የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር። በ1576 ጄምስ በርቤጅ የሚባል፣ አናጢነቱን ትቶ ተዋናይ የሆነ ሰው ከከተማው ቅጥር ውጪ ሾርዲች የሚባል ሰፈር አቁሞት፣ ስም ለማውጣት ብዙ ሳይጨነቅ «ቴአትር» ብሎ ጠራው። ከቅጥር ውጪ ማለቱ የከተማው ሹማምንት እጅ እዚያ ስለማይደርስ ነው። ወረርሽኙ ግን ለንደንን ከ1348 ጀምሮ ያውቃታል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ በርቤጅ እርዳታ እንዴት ሲመላለስ እንደኖረ የጠየቀ አልተገኘም። በሽታው በበረታ ቁጥር ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሁሉ ይዘጋ ተብሎ ሲታወጅ ቴአትር ቤቱ ይዘጋል፤ ስብከትና ቅዳሴ ግን ከአዋጁ ውጪ ናቸው። ቁንጫም እንግዲህ ሃይማኖተኛ ናት።

በማግስቱ ዓመት ጆን ስቶክዉድ የሚባሉ ሌላ ሰባኪ በዚያው መስበኪያ ላይ ወጡና ነገሩን ሳያስቡት አፍረጠረጡት። የእሳቸው ስሞታ፣ የተውኔተኞቹ መለከት አንዴ ሲነፋ ሺህ ሰው ሲግተለተል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግን ሰዓት ሙሉ ተደውሎ መቶ ሰው አይሰበስብም የሚል ነበር። እኔ በበኩሌ የጠቡ ሥር እዚህ ነው ባይ ነኝ። ስለ ነፍስ የተባለውን ሁሉ አልክድም፤ ከልባቸው ያዘኑ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ የቆመን ሕዝብ አስለቅሶና አስፈርቶ ለመሸኘት ነው የሚደክመው። የአደባባዩ መስበኪያ ዘንድ ተራው ሕዝብ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ መኳንንቱ ጣራ ባለው ሰገነት ተቀምጠው ነው። በርቤጅ ቤትም ተራው ሕዝብ አንድ ፔኒ ከፍሎ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የደላው ጨምሮ ከፍሎ ሰገነት ይወጣል። ልዩነቱ የበርቤጁ መግቢያ በር ላይ ገንዘብ ተቀባይ መቆሙ ነው፤ ሌላኛው የሚቀበለው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ይህ የገበያ ሽሚያ በለንደን አልተጀመረም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን የእኛ ሰው በቅዳሴው ያውቀዋል። ቁስጥንጥንያ ላይ ሊቀ ጳጳስ ሳለ በ399 ምእመኑ ዓርብ ወደ ሠረገላ እሽቅድድም፣ ቅዳሜ ወደ ቴአትር ነጎደበትና እሑድ መጥቶ ፊቱ ቢቆም አንድም ሳያስቀር ነገረው። አፉ ወርቅ ነውና ሕዝቡ ይወደዋል፤ እንደዚያ ዘመን ልማድም ስብከት ደስ ሲለው ያጨበጭባል። አንድ ቀን ታዲያ ይኼ ጭብጨባ የቴአትር ቤት ወግ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ዝም ብሎ ይስማ የሚል ሥርዓት ላውጣ ብሎ ተነሣ። እንዴት እንዳማረ፣ እንዴት እንደተብራራ! ሕዝቡ አላስችል ብሎት አጨበጨበ። እሱም ይኸው፣ ስለዚሁ ነገር እያወራሁ እንኳ አልታገሣችሁኝም ብሎ መቆጣቱ በድርሳኑ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላስ አጨበጨቡ ወይ እንዳትሉኝ።

ቴአትርን አምርረው የጠሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጓዳውን የሚያውቁት መሆናቸው ሌላው ትዝብቴ ነው። ስቲቨን ጎሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ራሱ ተውኔት ሲጽፍ ኖሮ በ1579 ተጸጸተና ቴአትርን የሚያብጠለጥል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉን ሳያስፈቅድ ሰር ፊሊፕ ሲድኒ ለሚባል፣ ከመኳንንት ወገን ለሆነ ባለቅኔ «ይድረስ» አለው። ሲድኒ ስለ ግጥም ጥብቅና የቆመ ድርሰት ጽፎ ያለፈ ሰው መሆኑን ስታስቡ፣ ስጦታው ለዶሮ አርቢ የቀበሮ ግልገል እንደ መላክ ነው። ተውኔተኞቹም ቂም ያውቃሉ። የጎሰንን የቀድሞ ተውኔቶች ከሣጥን አውጥተው መድረክ ላይ አወጡለት። ሰውዬው በኋላ ባወጣው መጽሐፍ፣ እነዚያን የጻፍኩት ድሮ ነው፣ አሁን የለሁበትም እያለ ሲምል ገጽ ፈጀ። ወደ 180 ዓመት ግድም ቆይቶ ዣን ዣክ ረሶ ጄኔቫ ቴአትር ቤት መክፈት የለባትም ብሎ ረጅም ደብዳቤ አሳተመ፤ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ሉዊ 15ኛ ፊት የታየች የዘፈን ተውኔት ደራሲ ያው እሱ ነው። ለፓሪስ የሚበቃ ኃጢአት ለጄኔቫ ይበዛል ማለቱ ይሆናል።

አሁን ወደ ልብስ እንምጣ፤ ጠቡ ከሁሉ የሚያዝናናው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ መድረክ ሴት አትሠራም ነበር። ንግሥትም ትሁን ገረድ፣ ጢም ያላበቀለ ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ይጫወታታል። ፒዩሪታን የሚባሉት አጥባቂዎች ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5ን ገለጡ፤ ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ፣ ርኩሰት ነው። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ለዚህ ክስ የተሰጠውን ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው ደግሞ የነገረ መለኮት ምሁር አይደለም፤ አሻንጉሊት ነው። ቤን ጆንሰን በ1614 ባሳየው የገበያ ቀን ተውኔት ውስጥ ቢዚ የሚባል ጠበኛ ፒዩሪታን የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ይደርስና ከአሻንጉሊቱ ጋር ክርክር ይገጥማል። ጣዖት ናችሁ ይላል፤ አሻንጉሊቱ ይመልሳል። ሙያ የላችሁም ይላል፤ ይመልሳል። በመጨረሻ ያቺን የልብስ ጥቅስ ይመዝዛል። አሻንጉሊቱ ቀሚሱን ወደ ላይ ገለብ ያደርጋል። ከጨርቁ ሥር ወንድም የለ፣ ሴትም የለች። ቢዚ አፉን ይዘጋል። ይባስ ብሎ ትርኢቱ ይቀጥል፣ እኔም እመለከታለሁ ብሎ ይቆማል።

የልብሱ ክርክር በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ሲመለስ እልባት ያገኘ መሰለ፤ ሴቶች መድረክ ላይ ወጡ። በሽግግሩ ወራት ግን የድሮዎቹ ወንዶችም ስለነበሩ ኮሊ ሲበር የሚባል ተዋናይ በትዝታ መጽሐፉ አንዲት ወሬ አቆይቶልናል። ንጉሡ ቴአትር ቤት ቀደም ብሎ ደርሶ ይጠብቃል፤ ትርኢቱ አይጀመርም። ምን ሆናችሁ ብሎ ቢልክ የቤቱ አለቃ ከእውነት የተሻለ ማመካኛ አጥቶ፣ ግርማዊ ሆይ፣ ንግሥቲቱ ጢሟን ተላጭታ አልጨረሰችም አለ። ንጉሡ ሳቀ፤ ንግሥቲቱም ተረጋግታ ተላጨች። በእኛም የመጀመሪያዎቹ ቴአትሮች ነጠላ ተከናንበው ሙሽራ የሆኑት ወንዶች ስለነበሩ ይህን ሳነብ እዚያ መጋረጃ ጀርባ የሆነውን መገመት አላቃተኝም።

በ1662 የወጣው የንጉሡ ፈቃድ፣ ወንድ ቀሚስ መልበሱ አንዳንዶችን ስላስቀየመ ከእንግዲህ የሴትን ቦታ ሴት ትጫወት የሚል ነበር። ጥያቄው ተመለሰ፤ እፎይ፣ አይደል? ምን በወጣው! ወንዱ ቀሚስ በመልበሱ የከፋቸው ሰዎች ልጆች፣ ሴቲቱ ቀሚሷን በመልበሷ ከፋቸው። በ1698 ጄረሚ ኮሊየር የሚባሉ ቄስ የዘመኑን ተውኔት ብልግና የሚያጋልጥ መጽሐፍ ሲያሳትሙ በመድረክ ላይ ያሉ ሴቶች አነጋገር አንዱ ዋና ክሳቸው ነበር። ኮሊየር ቀልደኛም ሊቅም ናቸው፤ ድሬደንን የሚያህል ጸሐፌ ተውኔት በከፊል ጥፋተኛ ነኝ እስኪል አድርሰዋል። ራሳቸው ግን ያን ጊዜ ከሕግ የሸሹ ሰው ነበሩ፤ ንጉሡን ሊገድሉ ዶልተዋል ተብለው የተሰቀሉ ሁለት ሰዎችን መሰቀያው ሥር በአደባባይ ከኃጢአታቸው ስለፈቱ መንግሥት ይፈልጋቸዋል። ስለ ብልግና የሚጽፍ ሰው ደግሞ ብልግናውን ማሳየት አለበትና ኮሊየር ከየተውኔቱ ለቅመው ለቃቅመው አቀረቡት። ቴአትር ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ጨዋ ሰው ሁሉ የተመረጠ የተመረጠውን ከቄስ እጅ አገኘ።

የዚህ ጠብ ዋና ሰው ግን፣ ከኮሊየር በፊት የነበረው ዊልያም ፕሪን ነው። እሱ ላይ ቆም ካላልን ግፍ ይሆናል። ፕሪን የሕግ ሰው ነው፣ ፒዩሪታን ነው፣ ሲጽፍ ማቆሚያ የለውም። ቴአትርን የሚገርፍ መጽሐፉ ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ስንት ትርኢት አየ? በራሱ ቃል አራት። እነሱንም ለንደን እንደመጣ፣ ገና ጥሬ ሳለ፣ ክፉ ጓደኞች ጎትተው ወስደውት ነው። ለአንድ ትርኢት ከ250 ገጽ በላይ ደረሰው ማለት ነው። በሁለት ዓመት ከ40,000 የሚበልጥ የተውኔት ቅጂ ታትሞ መሸጡ አበሳጨው፤ የሼክስፒር ተውኔቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ በተሻለ ወረቀት መታተማቸውማ እህህ አሰኘው። ወረቀቱን በጣቱ ዳብሶ ያወዳደረ ሰው ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን መጽሐፉን የከፋፈለበት መንገድ ነው፤ ምዕራፍ አላለውም፤ እንደ ተውኔት በገቢርና በትዕይንት ነው የከፈለው። ቀልድ ፈልጎ ይሆናል። ቀልድ ከሆነ በሺህ ገጽ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

በማውጫው ላይ ሴት ተዋናዮችን የሚመለከት አንድ መስመር አለ፤ ሴት ተዋናይ ማለት ጋለሞታ ናት የሚል። መጽሐፉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 1633፣ የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ሚስት ሄንሪየታ ማሪያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተውኔት ሠራች። ፕሪን ስለ እሷ አልጻፍኩም አለ፤ የታተመውም ቀድሞ ነው። ማን ሰማው? ስታር ቻምበር የሚባለው የንጉሡ ችሎት በ1634 5,000 ፓውንድ፣ የዕድሜ ልክ እስራት፣ የኦክስፎርድ ዲግሪውን መገፈፍና ሁለት ጆሮዎቹን መቆረጥ ፈረደበት። የሙያ ባልደረቦቹ የሕግ ሰዎች ደግሞ ከእሱ ጋር እንዳይደመሩ ፈርተው ለንጉሡና ለንግሥቲቱ ከተማውን በሰልፍ አቋርጠው አንድ ታላቅ ትርኢት አሳዩ፤ ወጪው ከ20,000 ፓውንድ በላይ። አንድ ሰው ቴአትርን ቢሰድብ ከተማዋ አይታው የማታውቀው ቴአትር ተገኘ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፕሪን ጆሮ ግን ለዳኛውም ባዳ ሆነ። እስር ቤት ተቀምጦም ጳጳሳትን እየሰደበ ጽፏል ተብሎ በ1637 እንደገና ሲቀርብ ዳኛው ፊንች ትኩር ብለው አዩትና፣ ሚስተር ፕሪን ጆሮ የለውም መስሎኝ ነበር አሉ። ጸጉሩ ገለጥ ተደረገ። የመጀመሪያው ቆራጭ ራርቶለት ኖሮ የቀረ ነገር አለ። ያም ተቆረጠ፤ ጉንጩ ላይም «አመፀኛ ስም አጥፊ» የሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት በጋለ ብረት ተተኮሱ። ፕሪን የፊደሎቹን ትርጉም ገልብጦ የሊቀ ጳጳሱ የሎድ ጠባሳ ናቸው ብሎ ቅኔ አወጣባቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ከፍ ካለ መድረክ ላይ፣ አንገትና እጅ በእንጨት ተቆልፎ፣ በሺህ ሕዝብ ፊት ነው። ሕዝቡ አበባ በተነ፣ አለቀሰ፣ መሐረቡን በደሙ ነከረ። በርቤጅ በሕይወት ቢኖር መግቢያ ያስከፍልበት ነበር። ምስኪኑ ፕሪን ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ዕለት ከላይ ሆኖ ሳያየው አልቀረም።

በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጦርነት ሲጀመር፣ በመስከረም 2 ቀን 1642 ፓርላማው፣ አገር እያለቀሰ ጨዋታ አይገባም ብሎ ቴአትር ቤቶችን ዘጋ። በ1648 ሕጉ ጠነከረ፤ መድረኩ ይፍረስ፣ ተዋናዩ ይገረፍ፣ የተያዘ ተመልካች 5 ሽልንግ ይክፈል። አሻንጉሊቶቹን የነካቸው የለም፤ የ1614ቱን ክርክር አሸንፈዋልና። በዓመቱ ጥር ወር እዚያው ፓርላማ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ንጉሥ ቻርልስ 1ኛን በአደባባይ አንገቱን አስቆረጡ። ቦታው? እሱና ንግሥቲቱ በዘፈንና በጭምብል ትርኢት ከሠሩበት ከግብዣ አዳራሹ ፊት፣ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ መድረክ ላይ። ጨዋታ አይገባም ያለው አዋጅ ይህን አይመለከትም።

ቴአትር ተከልክሎ ሳለ በ1656 ዊልያም ዳቬናንት የሚባል ባለቅኔ መላ መታ። ይህ ቴአትር አይደለም፣ ዜማ ነው አለ። በሕጉ ላይ የተከለከለው ተውኔት እንጂ እየዘፈኑ መነጋገር አይደለም። ራትላንድ ሀውስ በሚባለው መኖሪያው በመጀመሪያ ቀን ያቀረበው ምን ነበር? ዲዮጋንና አሪስጣፋን የሚባሉት ሁለት የጥንት ግሪኮች፣ ሕዝባዊ ትርኢት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብለው ሲከራከሩ። ስለ ቴአትር መከልከል የሚደረገው ክርክር ራሱ ቴአትር ሆኖ ተሸጠ። መግቢያው 5 ሽልንግ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ሲያዙ የሚቀጡትን፣ አሁን በር ላይ አስቀድመው ከፍለው ይገባሉ። በዚያው ዓመት ባቀረበው የሮድስ ከበባ ደግሞ አንዲት ሴት ወጥታ ዘፈነች። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ዜማው ሲያስብ ስለ ቀሚሱ ያነሣ የለም።

ፓሪስ ውስጥ በሉዊ 14ኛ ዘመን ነገሩ ለየት ይላል። እዚያ ንጉሡ ቴአትር ይወዳል፣ ጳጳሳቱም ቤተ መንግሥት ሲጋበዙ አብረው ያያሉ፤ ተዋናዩ ግን ሙያውን ካልካደ ቁርባንም የተባረከ መቃብርም የለውም። ተዋናይም ደራሲም የነበረው ሞልየር በየካቲት 17 ቀን 1673 ታምሜአለሁ እያለ ሐኪም የሚያስጨንቅ ጤነኛ ሰው ሆኖ ሲጫወት እውነተኛ ሕመሙ ተነሣበትና ከሰዓታት በኋላ ቤቱ ሞተ። ሁለት ቄሶች አንመጣም አሉ፤ ሦስተኛው ሲደርስ አልፏል። ሚስቱ ንጉሡ እግር ላይ ወደቀች። የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ አርሌ በመጨረሻ ፈቀዱ፤ በሌሊት፣ ከሁለት ቄስ ጋር፣ ያለ ሥርዓተ ጸሎት። እኚህ ሊቀ ጳጳስ በሴት ወዳጆቻቸው ፓሪስ ሙሉ የሚያማቸው ሰው ናቸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ቢባል አይበዛባቸውም። አብዮቱ ሲመጣ በታኅሣሥ 1789 የፈረንሳይ ምክር ቤት ተዋንያን ሙሉ ዜጎች ይሁኑ ወይ ብሎ ሲከራከር፣ በዚያው ጉዳይ አብሮ የቀረበው የሞት ፍርድ አስፈጻሚው ነበር። የሚያስለቅስና አንገት የሚቀላ ሁለቱም በአንድ ቀጠሮ።

የሞልየር ጦስ የጀመረው ግን ታርቱፍ በምትባለው ተውኔቱ ነው፤ አንድ የጸሎት ሰው መስሎ ሰው ቤት የገባ ግብዝ ሚስትንም ንብረትንም ሊወስድ ሲል የሚያሳይ። በ1664 ቬርሳይ እንደታየች ታገደች። አንድ ቄስ ሞልየር ሥጋ የለበሰ ሰይጣን ነው፣ ይቃጠል ብለው ጻፉ። በ1667 ስሟንም የዋናውን ሰው ስምም ለውጦ ቢያወጣት በማግስቱ እንደገና ታገደች። የተፈቀደችው በ1669 ነው። ሞልየር በመቅድሙ እንደሚተርከው፣ ተውኔቷ በታገደች በስምንተኛው ቀን ቤተ መንግሥት ውስጥ ስካራሙሽ የሚባለው ጣልያናዊ አስቂኝ፣ ባሕታዊ ሆኖ የሚቀልድበት ሌላ ትርኢት ታየ። ንጉሡ ሲወጣ፣ በሞልየር የተንጫጩ ሰዎች በዚህ ለምን ዝም አሉ ብሎ ልዑል ኮንዴን ጠየቀ። ልዑሉም፣ ስካራሙሽ ያሾፈው በሰማይና በሃይማኖት ነው፣ ያ ለእነዚህ ሰዎች ግድ አይሰጣቸውም፤ ሞልየር ግን ያሾፈው በራሳቸው ነው አለ።

የዚያው የሉዊ 14ኛ ዘመን ሰው ላፎንቴን የጻፋቸው የእንስሳት ተረቶች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ። ሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከእነሱ መነሻ ወስደው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ የአውሬዎች ኮመዲያን ጻፉና በተራስ ሆቴል አሳዩ። መኳንንቱ መጥተው አዩ። ኋላም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ በባለሥልጣናቱ ላይ ያሾፋል ተብሎ። በመድረኩ ላይ የነበሩት አውሬዎች ናቸው፤ ይህ እኔ ነኝ ብለው ራሳቸውን የለዩት መኳንንቱ ናቸው።